የመምህሩን በገና የተሸከመው ልጅ

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከመዝሙር ቤቱም ከታክሲውም የበገና ድምፅ ይሰማል። በዚህ ሰሞን ብዙ ወጣት ዘማርያን አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፦ «ደብተሬ በግጥም ተሞልቷል፤ የሚያስቀርጸኝ ግን ከየት ላምጣ?» ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት ለእነሱ ነው። መልሱንም የበገና ደርዳሪው የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ሕይወት ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዓለሙ በ1950 እንጦጦ ላይ ተወለዱ። የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ በገና ደርዳሪው አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እሳቸው በሚማሩበት ትምህርት ቤት ሊያስተምሩ መጡና ጎረቤታቸው ሆኑ። ልጁ የመምህሩን በገና በየቀኑ ተሸክሞ ያደርስ ነበር። በገና ቁመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው፤ ለ12 ዓመት ልጅ ቀላል ሸክም አይደለም። ትምህርቱ የተገኘው ግን በዚያ ሸክም ነው። መምህሩን ያገለገለ ልጅ መምህሩ እንዴት እንደሚቃኝ፣ መቼ ዝም እንደሚል ያያል፤ ይህን በክፍያ የሚሰጥ ኮርስ የለም።

በገናን በቅርብ ላላየ ሰው ትንሽ ልግለጸው። አውታሮቹ 10 ናቸው፤ የሚሠሩት ከበግ አንጀት ነው። በግራ እጅ ጣቶች ይደረደራል። አሥሩም ግን አይመቱም፤ ከፊሎቹ የጣት ማረፊያ ናቸው። አውታሮቹ በርኩማ በተባለው ድልድይ ላይ ሲያልፉ በየሥራቸው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ያ ልብ የሚነካ፣ የሚነዝር ጎርናና ድምፅ የሚወጣው በእሷ ነው። ቁራጯ ጥቂት ፈቀቅ ካለች ድምፁ ይደርቃል። ስለዚህ ደርዳሪው ከመዘመሩ በፊት ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ያስተካክላል፣ ይመታል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና ያስተካክላል። ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚሁ ላይ ይተወዋል።

ዓለሙ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ያጠኑት ጂኦግራፊ ነው። በ1972 የሙዚቃ ተመራማሪዋ ሲንቲያ ኪምበርሊን ለዩኔስኮ ስትቀርጻቸው ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበሩ። ዝግጅታቸው ግን የአሥር ዓመት ነበር፤ ልምምድ የጀመሩት ቀራጭ ሲመጣ አይደለም። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ለሰባት ዓመት በገና አስተማሩ።

በዚህ መካከል ደርግ መጣ። የበገና መዝሙር ከሬዲዮ ተከለከለ፤ መንፈሳዊ ዜማ ለዘመኑ የማይመች ሆነ። ዓለሙ በ1980 ከያሬድ ለቀቁና ፒያሳ ሱቅ ከፍተው ኑሯቸውን ያዙ። ብዙ ሰው ይህን የሕይወት ታሪክ ሲያወራ ሱቁን በአንድ ቃል ያልፈዋል። እኔ ግን የታሪኩ ዋና ቦታ ይህ ይመስለኛል። እንጀራው ከሱቁ ስለሚመጣ በገናው ገበያ መለመን አላስፈለገውም፤ ዘመኑ ወደሚፈልገው ዘፈንም አልዞረም። እኅቴም ወንድሜም፣ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብትሠሩ፣ አንኮበር ላይ ብታስተምሩ፣ ሥራችሁን የዝማሬያችሁ ጠላት አድርጋችሁ አትዩት። ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ ያለው ዘማሪ ያላመነበትን ግጥም «እሺ» ብሎ ለመዘመር አይገደድም።

ዘመኑ ሲከፈት በገናው ወጣ። ኤቲዮፒክስ የተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ የሙዚቃ አልበም 11ኛውን ቅጽ ለዓለሙ አጋ ብቻ ሰጠ፤ እሳቸውም በውጭ አገር መድረኮች በገናቸውን አሰሙ። ያንን ቅጽ ፈልጋችሁ ስሙት፤ ግን እንደ ተማሪ ስሙት። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ለአጠገብ ሰው እንደሚናገር ሰው ዝቅ ብለው ነው የሚያዜሙት፤ ቃሉ አንድም ሳይዋጥ ይሰማል። ኪቦርድ የለም፣ አቀናባሪ የለም፣ አጃቢ የለም። አንድ ሰውና አሥር አውታር ብቻ ናቸው።