የጓሮ ቤት ሲዘገይ



የዛሬው ትምህርታችን ከዋናው ቤት ጀርባ ስለሚሠራ ሰርቪስ ቤት ነው። ርእሱን ያየ ሰው «ይህ የግንበኛ ጉዳይ እንጂ የወጣት ጉዳይ ነውን?» ይል ይሆናል። ነገር ግን በአዲስ አበባ ብዙ ወላጆች በጓሮ አንድ ሁለት ክፍል ለመጨመር የሚነሡት በልጆቻቸው ምክንያት ነው። ወንድም ሊያገባ ነው፤ እኅት ትምህርቷን ጨርሳ ከክፍለ ሀገር ልትመለስ ነው፤ ወይም አባት ጡረታ ሊወጡ ስለሆነ የሚከራይ ክፍል ያስፈልጋል። ሥራው ሲጓተትም አሸዋ የሚነፋው፣ ብሎኬት ውሃ የሚያጠጣው፣ ጎረቤት ተቆጥቶ ሲመጣ በር የሚከፍተው ወጣቱ ነው። ስለዚህ ነገሩ ይመለከተናል።

በእኛ ግቢ የሦስት ክፍል ሰርቪስ ሥራ የተጀመረው በኅዳር ወር ነበር። ኮንትራክተሩ «ለፋሲካ ትገቡበታላችሁ» አለ፤ የትኛው ፋሲካ እንደሆነ ግን አልተናገረም። ሁለት ፋሲካ አለፈና በሦስተኛው ገባንበት። በመካከሉ የአባቴ የቁጠባ ገንዘብ አለቀ፤ የወንድሜ ሠርግ ሁለት ጊዜ ተላለፈ፤ እናቴና ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን ሰላምታ እስከ መቆራረጥ ደረሱ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ከሰው የምንሰማው ምክር አንድ ነበር፤ «ታገሡ» የሚል። መልካም ምክር ነው። ነገር ግን የሚታገሡት ምን እንደሆነ ሳያውቁ መታገሥ ከመታለል ብዙም አይርቅም።

እንግዲህ መዘግየት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የሥራው ሲሆን ሌላው የሠሪው ነው።

ስለ መጀመሪያው ጥቂት እንበል። የጭቃ ቤት የሠሩ አያቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ እስኪብላላ ድረስ ቀናት ይቆያል እንጂ በዚያው ዕለት አይመረግም። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ከተሰነጣጠቀ በኋላ ነው ሁለተኛው የሚከተለው። የሲሚንቶም ነገር እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው አርማታ የሚጠነክረው ውሃው ስለሚደርቅ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ስለሆነ ቶሎ የደረቀ አርማታ ደካማ አርማታ ነው። ስለዚህ ቢሙና ምሰሶው ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ሊጠጣ ይገባዋል። ጥንካሬውም የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። አባቴ በዚያ ሳምንት ግቢው ባዶ ሆኖ ሲያገኙት «ይኸው፣ አንድም ሠራተኛ የለም!» ብለው ይቆጡ ነበር። በዚያች ሳምንት ግን ዋናው ሠራተኛ ውሃው ነበር። ጠዋትና ማታ በባልዲ የማጠጣው እኔ ስለ ነበርሁ ይህን በጀርባዬ አውቀዋለሁ።

ክረምትም አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም የመሠረት ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ኩሬ ቆፈረ ማለት ነው። በተለይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ባለበት ሰፈር ነገሩ የከፋ ነው። ይህ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቅና ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተቀመጠውንም ቀላል ቤት አብሮ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። በአዲስ አበባ በብዙ ግድግዳ ላይ የምናየው በመስኮት ማዕዘን የሚወርድ ስንጥቅ አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። መድኃኒቱ አፈሩን ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ ሞልቶ መደልደል፣ ወይም መሠረቱን ከእርሱ በታች ማውረድ ነው። ጊዜም ገንዘብም ይወስዳል። ኮንትራክተሩ በዚህ ምክንያት አንድ ወር ቢጨምር ልናመሰግነው እንጂ ልናማው አይገባም።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንምጣ። አንድ ሠሪ ከእናንተ ቅድሚያ ክፍያ ይቀበልና ባለፈው ዓመት የጀመረውን የሌላ ሰው ቤት ይጨርስበታል። የእናንተን ለመቀጠል ደግሞ ከሦስተኛ ሰው ቅድሚያ ይፈልጋል። ሦስተኛው ሰው እስኪገኝ ድረስ የእናንተ ግድግዳ እስከ ወገብ ቆሞ ሣር ያበቅላል። የእኛ ገንዘብ በእርግጥ ቤት ሠርቷል፤ የተሠራው ግን የማናውቀው ሰው ቤት ነው። በዚህ መካከል እውነተኛው ምክንያትና ሰበቡ ይደባለቃሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ በጠፋ ጊዜ በእውነት የቆመ ሥራ ብዙ ነበር፤ በዚያው ላይ ተንተርሶ የጠፋ ሠሪም ነበር። ሲሚንቶ ደግሞ ገዝተው የሚያከርሙት ነገር አይደለም። ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ካልተቀመጠ ባለ 50 ኪሎው ከረጢት በአንድ ክረምት ወደ ድንጋይ ይለወጣል።

ይህን መዘግየት በዝምታ መሸከም ትዕግሥት አይባልም። ክፍያ በየደረጃው ይሁን፤ መሠረቱ ሲያልቅ፣ ግድግዳው ቢም ሲደርስ፣ ጣሪያው ሲለብስ፣ ልስኑ ሲጠናቀቅ። ውሉ በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት ይሁን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ላይ ሠሪው ቤቱን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለጥንካሬው ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ጉዳቱ ከአፈሩ ጠባይ የመጣ ቢሆን እንኳ ኃላፊ ነው። ይህን የሚያውቅ ወጣት በቤቱ ውስጥ ቢገኝ አባቱን ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

በመጽሐፈ ዕዝራ የምናነበው የቤተ መቅደስ ሥራም ሁለቱን መዘግየት በአንድነት ያሳየናል። መሠረቱ ተጥሎ ሳለ በዙሪያው ያሉት ሕዝቦች ተቃወሙ፤ ሥራውም እስከ ዳርዮስ 2ኛ ዓመት ቆመ፤ የተፈጸመው በ6ኛው ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ515 ገደማ ነው። ሁሉም በጎረቤት ያመካኝ ነበር። ነቢዩ ሐጌ ግን በዚያ ጊዜ የተነሣው ሠሪዎቹ የየራሳቸውን ቤት አሳምረው መቀመጣቸውን ሊወቅስ ነው።

ስለ ጎረቤት ካነሣን፣ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነውና ጠለቅ ብለን እንየው። የሚሠራ ሰው አቧራውንም ይቀበላል፣ ቤቱንም ይቀበላል። ጎረቤት የሚቀበለው አቧራውን ብቻ ነው። ከአጥር ወዲያ ያሉት እናት በርበሬያቸውን በሰሌን ላይ ሲያሰጡ ከእኛ በኩል አሸዋ ይነፋል። ልብስ ሲያጥቡ ብሎኬት ይቆረጣል። የመኪና አሸዋ መተላለፊያውን ዘግቶ ያድራል። ከዚያው አንቀጽ 1225ን ብናነብ፣ ባለ ርስት ጎረቤቱን እንዳያውክ፣ ጢሱን፣ ሽታውንና ጩኸቱንም ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያሳልፍ ታዟል። ሆኖም በአንድ እድር የሚኖሩ ሰዎች አንቀጽ እየጠቀሱ አይነጋገሩም።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን እኒያ እናት በራችንን አንኳኩ። እናቴ እስከ ደጃፍ ወጥታ «እትዬ፣ ይግቡ እንጂ» ብትላቸው አልገቡም።

«ልጄ፣ ቤትሽን ሥሪ፤ አልከለክልሽም። ነገር ግን እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮቴን ከፍቼ አላውቅም። ይህን ማን ይከፍለኛል?» አሉ።

እናቴ ስለ ኮንትራክተሩ አልተናገረችም፤ ብትናገር እውነት ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግራቸው ምን እንደሆነ ብቻ ጠየቀች። እኛ አቧራው ይመስለን ነበር። እርሳቸው ግን «መቼ እንደሚያልቅ አለማወቄ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ማታ ማታ የሚመጣውን ሳምንት ሥራ እንድነግራቸው እኔ እላክ ጀመር። ማክሰኞ ልስን አለ፣ ሐሙስ አሸዋ ይመጣል፣ በርበሬዎን ረቡዕ ያስጡ። ሥራ በሌለበት ሳምንትም «በዚህ ሳምንት ምንም የለም፣ ሠሪው ጠፍቷል» እላለሁ። አንድ ጊዜ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። መስኮታቸውንም ሥራ በሌለበት ቀን ይከፍቱት ጀመር።

የጣሪያውም ነገር አለ። ኮንትራክተሩ ቆርቆሮውን በአንድ ፊት ወደ እርሳቸው አጥር ሊያዘነብለው አሰበ፤ እንጨት ይቆጥባል። እናቴ እምቢ አለች። ጣሪያው ወደ እኛ ግቢ ዘነበለ፣ አሸንዳም ተገጠመለት፣ ውሃውም ወደ መንገዱ ቦይ ተመራ። ቤቱ አልቆ ሊመርቁን የመጡ ቀን ጎረቤታችን አስቀድመው ያዩት አሸንዳውን ነው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እንድንወያይበት አንድ ነገር ልጨምር። ልስኑ ተጀምሮ ሳለ የጎረቤታችን ወንድም ዐረፉና ድንኳን ተተከለ። አባቴ ሥራውን ለሦስት ቀን አስቆሙ። ከሰፈሩ ይህን ያላመሰገነ አልነበረም። ለሳኙና ሁለቱ የቀን ሠራተኞች ግን የዕለት ደመወዝተኞች ነበሩ፤ በዚያ ሦስት ቀን ከግቢው በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አባቴ ግማሹን ከፈሉ፤ ኮንትራክተሩ የቀረውን አልከፈለም። ለጎረቤት ሐዘን ሲባል ሥራ ሲቆም የእነዚያን ሰዎች እንጀራ ማን ይክፈል? ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ኑ።