ሥራን የሚያስወድድና የሚያስጠላ ነገር

ባለፈው ትምህርት ስለ ሩዝ አረም አንብበናል። ዛሬ ደግሞ ሩዙን ስለሚሠራው ሰው እናነባለን።

ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው በ1970ዎቹ ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ከገበሬዎች ጋር ሆነው ሞከሩት። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዘር ስሙ የጅግና ቀበሌን ያስታውሳል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ሌላው እህል ይበሰብሳል፤ ሩዝ ግን ውኃ ይወዳል። ሩዙ እየበዛ ሲሄድ ወረታ ከተማ ላይ መፈልፈያው በዛ፤ የቀን ሠራተኛውም እንዲሁ።

እኛ ተማሪዎች አንድ መፈልፈያ ቤት ሄደን ሠራተኞቹን «ከሥራችሁ ምኑ ደስ ይላችኋል? ምኑስ ያስከፋችኋል?» ብለን ጠየቅን። መጀመሪያ ሳቁብን። እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ኖሮ አያውቅም።

ደስ የሚላቸው አብሮ መብላቱ ነው። ሩዝ የሚያበጥሩት ሴቶች ምሳቸውን አንድ ላይ ያቀርባሉ። አንዷ ስትታመም አዋጥተው ይጠይቋታል። እኛም ይሄማ ወንፈል ነው አልን። አንዲት እናት ግን አይደለም አሉን። «በወንፈል ባለ ማሳውም ውኃ ውስጥ ቆሞ ያርማል፤ አልቅቱ እሱንም ይነክሰዋል። እዚህ ጌታው ጥላ ሥር ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ኩንታል መሸከሙን ያማርራሉ ብለን ነበር፤ ብዙም አላማረሩም። የሚያማርሩት ብናኙን፣ ስድቡንና «ነገ ና» መባሉን ነው። መብራት ሲጠፋ ቁጭ ብለው የሚጠብቁበት ሰዓትም አይቆጠርላቸውም።

አንድ ተሸካሚ የነገሩን ይህ ነው። 12 ቀን ሠርተው ሊከፈላቸው ሲሉ «እዚህ ላይ ጣትህን አሳርፍ» ተባሉ። ጣታቸውን ቀለም ነክረው ሊያሳርፉ ሲሉ፣ በዚያው ዓመት ፊደል የቆጠረ ጓደኛቸው ወረቀቱን አየና «ኧረ 9 ይላል እኮ!» አለ። ሂሳብ ያዡ «ተሳስቼ ነው» ብሎ አስተካከለ። ተሳስቶ ይሁን አይሁን እኛ አናውቅም። የ3 ቀን ገንዘብ ግን ሊቀር ነበር። ሰውየው አሁን ማታ ማታ ፊደል ይማራሉ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ ይላል። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ቀን ከዚያ በላይ ለተሠራው እያንዳንዱ ሰዓት የሰዓቱ ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ የደመወዙን ልክና የሥራውን ዓይነት ፈልጋችሁ አንብቡ።

መልመጃ

1. አንድ ሠራተኛ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ሠራ፤ ለምሳ 1 ሰዓት አረፈ። ስንት ሰዓት ሠራ? ከ8 በላይ ስንት ነው?

2. የ1 ሰዓት ክፍያ 40 ብር ቢሆን ለትርፉ ሰዓት ስንት ብር ይገባዋል?

3. በእናንተ ወንፈል ሰው የሚወደውና የሚጠላው ምንድን ነው? ሦስት ነገር ጻፉና ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።