ስለ ሥራ አስኪያጅ ዝግ ሰዓት

በንግድ ቤት ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ከሚሠራቸው ሥራዎች አብዛኞቹ ቢቋረጡም እንደ ገና የሚቀጠሉ ናቸው። ዋጋ ሲነግር ወይም ቼክ ሲፈርም ስልክ ቢጮኽ ጉዳቱ ጥቂት ነው። ከተቋረጡ የሚበላሹት ሥራዎች ግን በቍጥር ያነሱ ቢሆኑም የቤቱ ትርፍና ኪሳራ የተንጠለጠለው በእነርሱ ላይ ነው።

በጦር ኃይሎች አካባቢ የሚሠራ አንድ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ኤል ሲ ለማስከፈት ማመልከቻ ይጽፋል እንበል። ጽሕፈት ቤቱ ከመደብሩ ጋር የተያያዘ ነው። ከቀላል ባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ የወረደ ደንበኛ ሰላምታ ሳይሰጥ አያልፍም፤ የመጋዘኑ ሠራተኛ ቍልፍ ይጠይቃል፤ ስልኩም ዝም አይልም። በዚህ መካከል 12 ሚሊሜትር ሊባል የሚገባው ብረት 10 ተብሎ ይጻፋል፤ ይፈረማልም። በ1999 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ዩሲፒ 600 በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ባንክ የሚመረምረው ሰነድን እንጂ ዕቃን አይደለም። ስለዚህ ሻጩ ባለ 10 ሚሊሜትር ብረት ልኮ ሰነዱን አሟልቶ ቢያቀርብ ገንዘቡን ይቀበላል፤ አስመጪውም የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም።

የላኪው ሁኔታም ከዚህ አይሻልም። ኤል ሲው ሌላ ቀን ካልወሰነ በቀር ሰነዶቹ ዕቃው ከተጫነ በ21 ቀን ውስጥ ለባንክ መቅረብ አለባቸው፤ ባንኩም ለምርመራ እስከ 5 የባንክ የሥራ ቀናት ሊወስድ ይችላል። በኢንቮይሱ ላይ ያለው የዕቃ ስም ከኤል ሲው ጋር ባለመስማማቱ ሰነዱ ሲመለስ፣ ለማረሚያ የሚቀረው ቀን ጥቂት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ የለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ የመሸጫ ዋጋ ማውጣትም እንደዚሁ ጸጥታ የሚሻ ሒሳብ ሆኗል።

«ሥራውን በየመሐሉ ቀስ በቀስ እጨርሰዋለሁ» የሚል ሥራ አስኪያጅ ብዙ ነው። ስለ አስተዳደር ብዙ የጻፈው ፒተር ድራከር በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሳብ ተቃውሟል። ሥራ አስኪያጅ አስቀድሞ ጊዜው የት እንደሚሄድ በጽሑፍ እንዲይዝ፣ ቀጥሎም የተራረፈውን ጊዜ አንድ ላይ እንዲሰበስብ ይመክራል፤ የተበጣጠሰ ጊዜ ቢደመር እንኳ ለከባድ ሥራ አይበቃምና። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪም በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ ሰው ያልጨረሰውን ሥራ ትቶ ወደ ሌላ ሲዞር ከአሳቡ ከፊሉ በፊተኛው ላይ እንደሚቀር አሳይታለች።

ሆኖም በአገራችን ደጅ መዝጋት ቀላል ነገር አይደለም። እንግዳን መመለስ እንደ ንቀት ይቈጠራል፤ የተናቀ ደንበኛም ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። አባቶቻችን ግን ለዚህ ነገር መላ ነበራቸው። በመካከለኛው ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት ይሰጥ የነበረው ከፍተኛ ማዕርግ «ዐቃቤ ሰዓት» ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። በኋላ ዘመን በቤተ መንግሥት የነበረው «እልፍኝ አስከልካይ»ም ሥራው ከስሙ ይታወቃል። ጌታው ራሱ በር ላይ ቆሞ ሰው አይመልስም ነበር፤ ይህን የሚያደርግ ሥልጣን ያለው ሌላ ሰው ነበረ።

በንግድ ቤት ይህ ሰው ጸሐፊው ወይም ጸሐፊዋ ነው። ሥልጣኑም በግልጽ ሊሰጠው ይገባል፤ ዛሬ ከልክል ተብሎ ነገ «ለምን መለስኸው?» የሚባል ጸሐፊ ከዚያ ወዲያ ማንንም አይከለክልም። «የሉም» ማለት ደግሞ አይጠቅምም፤ መኪናው በር ላይ ቆሞ ይታያል። «በሦስት ሰዓት ተኩል ያነጋግሩዎታል፤ እስከዚያ ይቀመጡ፤ ቡና ይምጣልዎ» ቢባል ግን ባለጉዳዩ ተከበረ እንጂ አልተናቀም። ሰዓቱም በር ላይ ቢለጠፍ ደንበኛው በሳምንት ውስጥ ይለምደዋል።

ለአስመጪ የሚስማማው ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ይመስላል። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ መሥሪያ ቤቶች ገና አልተከፈቱም፤ ወይም መከፈታቸው ነው። ቻይና በአምስት ሰዓት ስለሚቀድመን ለዚያ አገር ሻጭ መልስ ለመስጠት ከዝጉ ሰዓት በኋላም እስከ ቀትር ጊዜ ይተርፋል። የእጅ ስልኩ ከጸሐፊው ዘንድ ይቀመጥ። ከባንክ፣ ጅቡቲ ወይም ጉምሩክ ካለው ትራንዚተር፣ እንዲሁም ከቤተ ሰብ ስለ ሕመም የመጣ ጥሪ ብቻ ይግባ፤ በወደብ የቆመ ኮንቴይነር የቀን ኪራይ ይቈጥራልና።

ጸሐፊ የሌለው ባለሱቅ ይህን ሁሉ ማድረግ አይችልም። እርሱ ገበያ የሚቀዘቅዝበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት በደብተር ይያዝ። ያ ሰዓት ሲታወቅ ሽያጩን ለልጁ ወይም ለሠራተኛው ትቶ ከባንኮኒው ኋላ ሳይሆን ከመጋዘኑ ውስጥ ተቀምጦ ሒሳቡን ይሥራ፤ ባንኮኒው ዘንድ ከታየ ዋጋ የሚጠየቀው እርሱ ነው።