ከርነሉ ሳይነሣ የአድራሻን አሰላለፍ ስለ መመርመር

ቁም ጸሐፊ ብዕሩን ከቀለም ሳያጠቅስ አስቀድሞ ብራናውን በወስፌ ወግቶ እንደሚያሰምር፥ ከርነል የሚጽፍ ሰውም በማኅደረ ትውስታ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር የሚያርፍበትን ስፍራ ኮዱ ገና በኮምፓይለር ሲተረጐም መርምሮ ሊያጸና ይገባዋል፤ ከርነሉ ከተነሣ በኋላ የሚገለጥ መዛነፍ መላውን ሥርዓት ይዞ ሊወድቅ ይችላልና።

ለአብነት በኤክስ86 ፕሮሰሰር ላይ ኤፍኤክስሴቭ የተባለውን ትእዛዝ እንመልከት። ይህ ትእዛዝ የሒሳብ ሬጅስተሮችን ይዞታ 512 ባይት በሆነ ስፍራ ያኖራል፤ ነገር ግን የስፍራው መነሻ አድራሻ ለ16 ያለ ቀሪ የማይካፈል እንደ ሆነ ፕሮሰሰሩ ሥራውን ትቶ ስሕተት ያስነሣል።

አንደኛ፥ ሠሪው ይህን ስፍራ በስትራክት ውስጥ ሲያውጅ «አላይንድ» በተባለው ምልክት 16 ብሎ ይወስን። ያን ጊዜ ኮምፓይለሩ በሚያስፈልገው መጠን መሙያ ባይት ከፊቱ ያስገባል፥ የስትራክቱም አሰላለፍ ከ16 አያንስም።

ሁለተኛ፥ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲ ቋንቋ ደንብ ባስገኘው «ስታቲክ አሰርት» ከስትራክቱ በታች ሁለት ምስክሮችን ያቁም፤ አንዱ በ«ኦፍሴትኦፍ» የተገኘው፥ ከስትራክቱ መነሻ እስከ ስፍራው ያለው ርቀት ለ16 ሲካፈል ቀሪ እንደሌለው፥ ሁለተኛው በ«አላይንኦፍ» የተገኘው የመላው ስትራክት አሰላለፍ ከ16 እንደማያንስ ይመስክር። ርቀቱ 32 ሆኖ ቢገኝ እንኳ ስትራክቱ ራሱ ለ8 እንጂ ለ16 በማይካፈል አድራሻ ላይ ካረፈ ድምሩ የተዛነፈ ነውና፥ አንዱ ምስክር ያለ ሌላው አይጸናም።

ሦስተኛ፥ ምርመራው በፈንክሽን ውስጥ የሚገባ ከሆነ የሊኑክስ ከርነል «ቢልድ ባግ ኦን» የሚለው ማክሮ ይበቃዋል። የቀድሞው አሠራሩ ብልሃት ያለበት ነበር፤ የተፈራው ነገር እውነት ሆኖ ሲገኝ መጠኑ ከዜሮ በታች የሆነ አሬይ ይፈጠራል፥ ይህም በቋንቋው ሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ ኮምፓይለሩ ሥራውን ያቆማል።

አራተኛ፥ ምስክሮቹን ራሳቸውን ይፈትን። «አላይንድ» የሚለውን ምልክት ለጊዜው ነቅሎ፥ ከስፍራውም በፊት ርቀቱን በ8 የሚያዛንፍ አባል ጨምሮ እንደገና ያስተርጉም፤ ሌላ የ16 አሰላለፍ የሚሻ አባል ከሌለ ሁለቱም ምስክሮች ሊጮኹ ይገባል። ዝም ካሉ ቀድሞም የሚመሰክሩት በሌላ ነገር ላይ ነበር። ከዚህ በኋላ ሁሉን ወደ ነበረበት ይመልስ።

አምስተኛ፥ የምስክሮቹን ወሰን ይወቅ። ኮምፓይለሩ የሚያውቀው የስትራክቱን ቅርጽ እንጂ ከርነሉ በሥራ ላይ ሳለ የሚያድለውን አድራሻ አይደለምና፥ ስትራክቱ የሚታደልበት የማኅደረ ትውስታ ክምችት በሚፈጠርበት ጊዜ ያንኑ 16 በግልጽ ይጠይቅ፤ የተሰመረ መስመር የሚጠቅመው ጸሐፊው በመስመሩ ላይ ሲጽፍ ብቻ ነው።