ኸዲጃ ወደ ዐዋቂው ወሰደቻቸው፦ ሕይወት ሲለወጥ እርዳታ መጠየቅ

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው ትምህርታችን በየቤታችን ጮክ ብለን ስለማናወራው ጉዳይ ነው፦ ሕይወት ተለውጦ ልብ ሲከብድ ወደ ሳይኮሎጂስት ስለመሄድ።

ከሒራ ዋሻ የምንማረው

ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የመጀመሪያው ወሕይ ሲወርድላቸው ሕይወታቸው በአንድ ሌሊት ተለወጠ። ወደ ቤታቸው የተመለሱት እየተንቀጠቀጡ ነበር። እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ.) መጀመሪያ ሸፈነቻቸው። ፍርሃቱ ሲለቃቸው የገጠማቸውን ሰማች፤ መልካም ሥራቸውን እያነሳችም አጽናናቻቸው። በዚህ ግን አላቆመችም፤ የቀደሙትን መጻሕፍት ወደሚያውቀው የአጎቷ ልጅ ወደ ወረቃ ኢብን ነውፈል ወሰደቻቸው። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፦ መረጋጋት፣ መደመጥ፣ ከዚያም ዐዋቂን መጠየቅ። መፍራታቸው የኢማን ጉድለት አልነበረም።

ሽግግር ለምን ይከብዳል?

ኒካሕ፣ ፍቺ፣ የወላጅ ሞት፣ ዩኒቨርሲቲ መግባት፣ ከቤት መውጣት፦ አስደሳቹም ሽግግር ቢሆን የለመድነውን አንድ ነገር ያስጥለናል።

አንዲት የ19 ዓመት እህት በምሳሌ እናንሳ። ከልጅነቷ ጀምሮ ከሐኪም ቤት እስከ ናቭ ለእናቷ ስታስተረጉም አድጋለች። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከግሮሩድ ወደ ክሪንግሾ የተማሪዎች መኖሪያ ተዛወረች። ሁለቱም በዚያው በ5 ቁጥር ቲ-ባነ መስመር ላይ ናቸው፤ ለልቧ ግን ሩቅ ሆነባት። እንቅልፍ አጣች። የቀኑ ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ብቻ በሚቆይበት በዲሴምበር ከክፍሏ መውጣት አቃታት። ውስጧ «እናቴን ጥያት ሄድኩ» ይላታል።

ሳይኮሎጂስቱ «እናትሽን ተያት» ወይም «ተመለሺ» አይላትም። ሐሳቡን አውጥታ እንድታየው ይረዳታል፦ የሆነው ነገር ምንድን ነው? እኔ የጨመርኩበትስ? የሆነው፣ እናቷን በሳምንት ሁለቴ እየጎበኘች በየቀኑ የምትደውል ልጅ መሆኗ ነው። ቀጥሎ ትንንሽ እርምጃዎች ይመጣሉ፦ ቋሚ የመኝታ ሰዓት፣ ብርሃን ሳለ መውጣት፣ ከአንዲት ጓደኛ ጋር መገናኘት። ሸክሙም ይከፈላል። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአስተርጓሚ ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ሲሆን ብቁ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ ልጆችን ማስተርጎምም በመርሕ ደረጃ ክልክል ነው። ናፍቆቱ ወዲያው ላይጠፋ ይችላል፤ ግን ብቻዋን አትሸከመውም።

ወላጆቻችን ለምን ይፈራሉ?

ለረጅም ዘመን በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ሲባል ለብዙ ሰው የሚታወሰው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። ሰው እዚያ የሚወሰደውም አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው። ስለዚህ እናንተ «ሳይኮሎጂስት» ስትሉ እነሱ የሚሰሙት «አበደ» የሚለውን ነው። አትቆጧቸው፤ በእርጋታ አስረዷቸው።

ነገሩ ለእስልምናም እንግዳ አይደለም። በ934 ያረፉት ዓሊም አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ ሐዘንን፣ ፍርሃትን፣ ቁጣንና ወስዋስን ለየብቻ አብራርተዋል። ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ለነፍሱም በደህናው ጊዜ መልካም ሐሳቦችን እንዲያዘጋጅ መክረዋል። ሕክምና ሶላትንና ዱዓን አይተካም፤ ሶላትና ዱዓም ሕክምናን አይከለክሉም።

ከየት እንጀምር?

እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ትምህርት ወይም ሶላት ከሁለት ሳምንት በላይ ከከበዳችሁ ለፋስትሌገ (ለቋሚ ሐኪማችሁ) ንገሩ። ለወጣቶች የተቋቋሙት ሄልሰስታሹኖች በነፃ ያስተናግዳሉ። በኦስሎ ለምትማሩ የተማሪዎች ድርጅቱ ሲዮ የምክር አገልግሎት አለው። ማታም ሆነ ቀን 116 123 ደውሎ ማውራት ይቻላል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን አይቆጠርም፦ በዚያው ዕለት 116 117፣ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ 113 ይደወላል።

«ወሬው ጀማዓው ውስጥ ይገባል» ብላችሁ ለምትሰጉ፦ ባለሙያው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ በሕግ አለበት። 16 ዓመት ከሞላችሁ ስለ ጤናችሁ በመሠረቱ ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ምስጢሩ የማይጠበቀው እንደ ሕይወት አደጋ ባሉ ጥቂት ሁኔታዎች ነው። ዲናችሁ ለእናንተ ምን ማለት እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ንገሩት፤ ካልተግባባችሁም ሌላ ባለሙያ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ለውይይት

1. በዚህ ዓመት በሕይወታችሁ ምን ተለወጠ? ምንስ ትታችሁ መጣችሁ?
2. ጓደኛችሁ እየተንቀጠቀጠ ቢመጣ እንደ ኸዲጃ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ከዚያስ ወደ ማን ትወስዱታላችሁ?

አላህ ለተጨነቀው ሁሉ ፈረጃውን ያምጣለት። አሚን።