ታላቁ ቤትና ትንሹ ካርድ

ልጆች ሆይ፥ ያረጀ ነገር ሁሉ የማይረባ አይምሰላችሁ። በአሜሪካ አገር፥ በፍሎሪዳ፥ ፓልም ቢች በምትባል ስፍራ አንድ ታላቅ ሆቴል ነበረ፤ ስሙም ሮያል ፖይንሲያና ይባል ነበር። ሄንሪ ፍላግለር የሚባል ባለጸጋ ከእንጨት አሠርቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ከፈተው። ባለጸጎችም በአገራቸው በረዶ በሚወርድበት ወራት በባቡር ወደዚያ እየሄዱ ያርፉ ነበር፤ የሆቴሉ ሥዕል የታተመበትንም ፖስታ ካርድ ለዘመዶቻቸው ይልኩ ነበር። በ1928 ዐውሎ ነፋስ ቤቱን ጐዳው፤ በ1935ም ፈረሰ። ቤቱ ጠፋ፤ ካርዱ ግን ቀረ።

ዛሬ እንዲህ ያሉትን ካርዶች የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ከሥዕሉ የቤቱን መልክ፥ ከጀርባው ጽሕፈት የላኪውን ናፍቆት፥ ከፖስታ ቤቱ ማኅተም ቀኑንና ስፍራውን ያውቃሉ። ስለዚህ አስተዋይ ሰብሳቢ ቴምብሩን አይልጥም፤ ቴምብሩ ሲላጥ ማኅተሙ አብሮ ይቀደዳልና። ካርዱንም በእርጥብ እጅ አይነካውም።

ታላቁ ቤት ብዙ ገንዘብ ፈሶበት 41 ዓመት ቆመ፤ ትንሹ ካርድ ግን የሚጠነቀቅለት ሰው ስላገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ። እናንተም በቤታችሁ አሮጌ ደብዳቤ ወይም ሥዕል ብታገኙ፥ ከመጣላችሁ በፊት የማን እንደ ሆነ አያቶቻችሁን ጠይቁ። የሚያውቀው ሰው ካለፈ በኋላ የሚመልስላችሁ አይገኝምና።