ትንታና በአየር ቧንቧ የሚቀር ባዕድ ነገር

ባዕድ ነገር ወደ አየር መተላለፊያቸው የሚገባባቸው ልጆች አብዛኞቹ ከ3 ዓመት በታች ናቸው። መንጋጋቸው ገና አልሞላም፤ ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ይከታሉ፤ እያኘኩም ይሮጣሉ፣ ይስቃሉ። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ሽምብራ፣ ዶቃና የሰዓት ባትሪ ለዚህ አደጋ የተመቹ ናቸው።

አፍንጫ ውስጥ የተወሸቀ ነገር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲወርድ ነው። ቤት ውስጥ በወረንጦ መጎርጎር የባሰ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ባትሪ ከሆነ ማደር የለበትም፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የአፍንጫን መሀል ግድግዳ ሊበሳ ይችላል።

ይበልጥ የሚያስፈራው ከማንቁርት አልፎ የሚወርደው ነው። ልጁ በድንገት ትን ይለዋል። ድምፅ እያወጣ የሚያስል ከሆነ እንዲስል ይተዋል፤ ከሳሉ የተሻለ ማውጫ የለም። ማሳልም ማልቀስም ካቃተው ግን ሰው ለእርዳታ እየተጠራ የመጀመሪያ እርዳታ ወዲያው ይጀመራል። ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ራሱ ዘቅዘቅ ብሎ በክንድ ላይ ይደፋና በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ይመታል፤ ካልወጣለት ተገልብጦ ደረቱ መሀል ላይ 5 ጊዜ ይጫናል። ከፍ ያለው ልጅ ጀርባው ከተመታ በኋላ ከኋላ ታቅፎ ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይጫናል። የማይታይን ነገር በጣት መፈለግ አይገባም።

አታላዩ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፍሬው ወደ አንደኛው የሳንባ ቧንቧ ሲወርድ ሳሉ ይበርዳል፤ ቤተሰቡም «ወጣለት» ብሎ ያርፋል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ ወይም የሚመላለስ የሳንባ ምች ይመጣል፤ ልጁም ለአስም ሲታከም ይከርማል። ቆሎና ኦቾሎኒ በራጅ አይታዩም፤ ትንፋሹን ሲያስወጣ የተነሳ ራጅ አንዱ ሳንባ አየር ይዞ እንደቀረ ሊያሳይ ቢችልም፣ ንጹሕ ራጅ ጥርጣሬውን አያስወግድም። እናት፣ ሞግዚት ወይም ታላቅ እህት «ቆሎ ሲበላ ትን ብሎት ነበር» ብለው የሚሰጡት ቃል ከራጁ ይልቃል። ሐኪም ባይጠይቅም ሊነገረው ይገባል።

ማውጫው ብሮንኮስኮፒ፣ ማለትም ቱቦ ወደ ሳንባ ቧንቧ አስገብቶ ማየት ነው። በ1897 ጀርመናዊው ጉስታቭ ኪሊያን ከአንድ ገበሬ የሳንባ ቧንቧ አጥንት በቱቦ አወጣ፤ አሜሪካዊው ሸቫሊየር ጃክሰንም ዘዴውን አዳብሮ ከታካሚዎች ያወጣቸው ከ2,000 በላይ ነገሮች በፊላደልፊያው ሙተር ሙዚየም ይገኛሉ። ዛሬ ልጁ ሙሉ ሰመመን ይሰጠዋል፤ ሐኪሙ በጠንካራው ቱቦ ውስጥ አየር እየሰጠ ፍሬውን በመቆንጠጫ ያወጣና ስብርባሪ እንዳይቀር ቧንቧውን ደግሞ ያያል። ቶሎ የወጣለት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ቤቱ ይገባል፤ ፍሬው ለሳምንታት ተኝቶበት የቆየው ልጅ ግን ለቆሰለው ሳንባ ረዘም ያለ ሕክምና ያስፈልገዋል።